ሰማንያ አራት ሸክም

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይዘንጋሽ ሞኝ አልነበረችም፤ እንዲያውም በጓሳ ጥግ ካሉት ቤቶች ሁሉ እሷን አታሎ በግ የገዛ ነጋዴ ገና አልተወለደም ይሏታል። ወረቀት ግን ነበራት። ከልጇ ደብተር የተገነጠለ ግማሽ ገጽ ነው፤ ለአራት ታጥፎ በምሰሶውና በግድግዳው መካከል ተሰክቶ ይውላል። ከየካቲት ማብቂያ ጀምሮ በዚያ ቤት የሚፈቅደውም የሚከለክለውም እሱ ነበር።

የወረቀቱ ጉዳይ ሃያ አንድ በጎች ናቸው። ባሏ አፈወርቅ ኅዳር ላይ ሲሞት የተወላት የቀብሩ ዕለት የተወለደችውን ጠቦት ጨምሮ ሃያ አንድ በግ፣ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰች አንዲት ልጅና ከቤቱ ጎን የቆመ አንድ የድርቆሽ ክምር ነው። ገብሱ ለዓመት ቀለብ እንኳ አይበቃም። ቤቱን ያቆሙት በጎቹ ናቸው፤ ጠጉራቸው ተፈትሎ ባና ይሆናል፣ ግልገላቸው ተሸጦ ልጇን እስከዳርን መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይታ እንድትማር ያደርጋል። ይዘንጋሽ ራሷ «በጎቼ ካለቁ እኔም አለቅሁ» ትል ነበር፤ ስትለውም ለወግ ያህል አልነበረም።

ክምሩን የከመረው አፈወርቅ ነው። ጥቅምት ላይ ሣሩን አጭዶ፣ አድርቆ፣ ከታችኛው መስክ እስከ ቤቱ ብቻውን አመላለሰው። ከሥራ ሲገባ «ዛሬ ስድስት» ወይም «ዛሬ አምስት» ይላታል፤ እሷም በከሰል ግድግዳው ላይ ትጭራለች። አመሏ ነው፤ ያልቆጠረችው ነገር እንቅልፍ አይሰጣትም። የመጨረሻውን ተሸክሞ በገባ ዕለት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ «ሰማንያ አራት ሸክም ሞላልሽ። እንግዲህ በልግ ቢቀር እንኳ አትፈሪ» አላት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሆዱን ይዞ ተኛ፤ በሦስተኛው ሳምንት ተቀበረ። ሰዉ ሁሉ «ድንገተኛ ነው» አለ። እሷም ድንገተኛ ነው ብላ አለቀሰች።

በልጉም ቀረ። የካቲት ሰማዩ እንደ ተወለወለ ሳህን ጠርቶ ከረመ፤ በደረቅ አፈር ላይ የተዘራውን ገብስ ወፍ ለቀመው። በጎቹ የእርሻውን ቃርሚያ ጨርሰው ድንጋይ መላስ ጀመሩ።

ጓሳ፣ የአገሩ የጋራ የግጦሽ መስክ፣ እዚያው ነው፤ ሣሩ ሲወዛወዝ ከደጃፏ ይታያል። ነገር ግን ጓሳ የፈለገ ሰው በፈለገ ቀን የሚገባበት አይደለም። የሚዘጋበት ቀን አለው፤ የሚከፈትበትም ቀን አለው። ዘንድሮ ለእንስሳ የሚከፈተው ሰኔ አንድ ነው ተብሎ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተነገረ። ከዚያ በፊት የገባ ይቀጣል፤ ከቅጣቱም ይልቅ ስሙ ይጠፋል። አፈወርቅ ደግሞ ስድስት ዓመት የጓሳ ጠባቂ ነበር፤ የገዛ አማቹን ፈረሶች ሳይቀር እየነዳ ያስወጣ ሰው ነው። የሱ ሚስት ከሰው ዓይን ተደብቃ ጓሳ ልታስግጥ? ይህን ይዘንጋሽ በሐሳቧም አላስገባችውም።

በየካቲት የመጨረሻ ቅዳሜ እስከዳር ስንቅ ልትወስድ ከመሐል ሜዳ መጣች። እናቷ ገና ቁጭ ሳትል ያዘቻት።

«እስኪ አንቺ የተማርሽው፣ ይቺን ቁጠሪልኝ። ከመጋቢት አንድ እስከ ሰኔ አንድ ዘጠና ቀን ነው። በጎቹ ከጠገቡ በቀን አንድ ሸክም ይጨርሳሉ። በግማሽ ሸክምም አይሞቱም፤ ግን ወተታቸው ይነጥፋል፤ ግልገል ያላቸው ይጎዳሉ። እና የቻልኩትን ያህል ቀን ሙሉ ሰጥቼ የመጨረሻዎቹን ቀኖች በግማሽ ልገፋቸው አሰብኩ። ስንት ቀን ሙሉ ልስጥ?»

እስከዳር እርሳሷን በጥርሷ ይዛ ጥቂት አሰበችና ጻፈች። ሰማንያ አራት ሲቀነስ ኤክስ፣ እኩል ይሆናል፣ አርባ አምስት ሲቀነስ የኤክስ ግማሽ።

«ኤክስ ማለት ሙሉ የምትሰጪባቸው ቀኖች ናቸው እማ። በግራ በኩል ያለው ክምሩ ላይ የሚቀርሽ ነው፤ በየቀኑ አንድ ይቀነሳል። በቀኝ ያለው ደግሞ የቀሩትን ቀኖች በግማሽ ለመግፋት የሚያስፈልግሽ። ዘጠናውንም ቀን ግማሽ ብትሰጪ አርባ አምስት ሸክም ይፈጃል፤ ሙሉ በሰጠሽ ቀን ቁጥር ከዚያ ላይ ግማሽ ይቀነሳል። ያለሽና የሚያስፈልግሽ እኩል የሆኑ ዕለት ነው ወደ ግማሽ የምትዞሪው።»

«እና መቼ ነው?»

ልጅቷ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አሻገረችና «ሰባ ስምንት» አለች። «እስከ ግንቦት አሥራ ስምንት ሙሉ ትሰጫለሽ። ስድስት ሸክም ይቀርሻል። አሥራ ሁለት ቀን በግማሽ። ሰኔ አንድ ጓሳ ይከፈታል።»

ይዘንጋሽ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው፤ ቁጥር ታነባለች፣ ኤክሱን ግን እንደ መስቀል ነው ያየችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደ። ሰባ ስምንት የባቄላ ፍሬ ቆጥራ በቅል አስቀመጠች። በየማለዳው አንዲት ፍሬ እያወጣች ወደ ድስት ትጥላለች፤ ቅሉ ሲያልቅ ወደ ግማሽ ልትዞር።

መጋቢት በገባ በሳምንቱ ታናሽ ወንድሟ ወልደ ሥላሴ ከመርሐቤቴ ወጥቶ መጣ። እዚያ ቆላ አግብቶ የሚኖር፣ ነገሩን ሁሉ በፈገግታ የሚጀምር ሰው ነው። ክምሩን ዞር ዞር ብሎ አየና «እትዬ» አላት፤ «ግማሾቹን ለኔ ስጪኝ፤ ይዣቸው ልውረድ። በርቢ ልያዝልሽ፤ ግልገሉን እንካፈላለን፤ ክረምት ሲገባ እመልሳቸዋለሁ። በኛ በኩል ወንዙ ዳር አሁንም ቅጠል አለ። በኋላ ግን የሁሉ ሰው እንስሳ ይመጣል፤ ቦታ አይኖረኝም።»

እሷ ወረቀቱን ከግድግዳው አውጥታ ዘረጋችለት።

«ሃያ አንዱም ይተርፋሉ። ቁጥሩ ይሄው። ለምን ብዬ ነው ግማሹን ግልገል ላንተ የምሰጠው?»

«ወረቀት ሣር አያበቅልም እትዬ።»

«ሣሩን አፈወርቅ ሰብስቦልኛል። ሰማንያ አራት ሸክም። አንዷ እንኳ አልጎደለችም።»

ለወልደ ሥላሴ የሟች ስም ሲነሣ ከእህቱ ጋር መከራከር አልሆነለትም። ባዶ እጁን ወረደ።

ከዚያ በኋላ ይዘንጋሽ የምትወደው ሥራ ጠዋት ጠዋት ሸክም ማሰር ሆነ። የባሏን ጠፍር መሬት ላይ ትዘረጋለች፤ ድርቆሹን ትከምርበታለች፤ ጠፍሩ ለዓመታት ሲታሰር ከታጠፈበት፣ ከጠቆረው ቦታ ላይ ትቋጥረዋለች። ከዚያ አንዲት ዘለላ አትጨምርም፣ አትቀንስም። በጀርባዋ አዝላ ጉረኖ ስትገባ በጎቹ እየተጋፉ ይቀበሏታል። መጋቢት ሃያ ሁለት ቀን ለፋሲካ በግ የሚሰበስቡ ነጋዴዎች ደጇ ድረስ መጡ። የጠገቡ በጎች ስላዩ ዓይናቸው በራ፤ ጥሩ ዋጋም ጠሩ። «የሚሸጥ የለኝም» ብላ መለሰቻቸው። ስትመልሳቸው ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን በኋላ ደጋግማ አስታውሳዋለች።

የሕማማት ሰኞ ማለዳ ከቤት ወጥታ ቀና ስትል የጎረቤቷን የጥሩሸዋን በር አየች። ክምሩ ከቆመበት ቀን ጀምሮ ያ በር ከሷ ደጃፍ ታይቶ አያውቅም፤ ክምሩ ይጋርደዋል። በቅሉ ውስጥ አርባ ሦስት ፍሬ ቀርቷል፤ ከክምሩም ከግማሽ በላይ ሊቀር ይገባ ነበር። ዞራ ለካችው፤ በክንዷ ለካችው፤ በዱላ ለካችው። ሢሶው ነው የቀረው።

ሌባ አለ። ሌላ ምን ይሆናል? ወረቀቱ አልዋሸም፤ እሷ ዘለላ አልጨመረችም። የቅርብ ሰው ማን ነው? በሩ አሁን እንደ ልብ የሚታየው ሰው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለችና ውኃ መቅጃው ዘንድ ጥሩሸዋን ጠበቀቻት።

ጥሩሸዋ ስድሳ ያለፉ፣ ልጆቻቸው ርቀው የሄዱባቸው፣ አንዲት ላምና አንድ አህያ ያላቸው ሴት ናቸው። አፈወርቅ የሞተ ሰሞን ሰባት ቀን ከይዘንጋሽ ጎን ሳይነሡ ያስተዛዘኑ እሳቸው ነበሩ። በሕማማት መሳሳምና ሰላም መባባል ክልክል ነው፤ ይዘንጋሽ መሰዳደብ የተፈቀደ ሳይመስላት አልቀረም።

«እትዬ ጥሩሸዋ፣ ላምዎ ዘንድሮ ምነው ወፈረች?»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«የሟች ባሌን ድርቆሽ ስትበላ ምነው አላነቃት አልኩ! አባት የሌላትን ልጅ ጉሮሮ ነው የምትበላው!»

ውኃ ይቀዱ የነበሩት ሴቶች እንስራቸውን እንደ ያዙ ቀሩ። ጥሩሸዋ አልተቆጡም፤ አልማሉም። ፊታቸው አመድ መሰለ። አፋቸውን ከፍተው አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ መልሰው ዘጉትና «እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ ብለው ባዶ እንስራቸውን ይዘው ሄዱ። ለይዘንጋሽ ያ ዝምታ በቂ ማስረጃ ሆነላት። ንጹሕ ሰው ይጮኻል እንጂ ዝም ይላል እንዴ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩሸዋ ክምሩ ባለበት በኩል አላለፉም።

እስከዳር ለፋሲካ ሐሙስ ዕለት መጣች። አርብ እናትና ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ዋሉ። ቅዳሜ፣ በቀዳም ሥዑር ጠዋት፣ ይዘንጋሽ የዕለቱን ሸክም ለበጎቹ ሰጥታ አርባ አንደኛዋን ፍሬ ከቅሉ አወጣችና ልጇን ክምሩ ዘንድ ወሰደቻት።

«እዪ። ይሄ ሰማንያ አራት ሲቀነስ አርባ አንድ ይመስልሻል?»

እስከዳር ክምሩን አየችና ወረቀቱን ጠየቀች። እዚያው ድርቆሹን ተደግፋ ተቀመጠች።

«መምህር ናሁሰናይ ባለፈው ወር አዲስ ነገር አስተምረውናል» አለች። «አንዷን እኩልታ ለሁለት መክፈል። ግራውን ለብቻው ዋይ ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ቀኙንም ለብቻው ዋይ ብለሽ ትጽፊያለሽ። ሁለት እኩልታ ይሆናል። ሁለቱም መስመር አላቸው፤ መስመሮቹ የሚገናኙበት መልሱ ነው።»

«መልሱን እኮ አግኝተሽዋል። ሁለት ማድረግ ለምን ይጠቅማል?»

«እኔም እንደሱ ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። አብረው ሲጻፉ እኩል ናቸው ብለሽ ታልፊያለሽ፤ ስትለያዪአቸው እያንዳንዳቸው ምን እንደሆኑ ትጠየቂያለሽ አሉ። ዋይ ምን እንደሆነና በምን እንደ ተለካ ሁለቱም ዘንድ ካልጻፍን ግማሽ ማርክ ይቀንሳሉ።» መስመር አሰመረችና ገጹን ለሁለት ከፈለችው። በግራው ራስጌ «ያለው» ብላ ጻፈች፤ በቀኙ ራስጌ «የሚያስፈልገው»። «እሺ፤ የሚያስፈልገው በምን ተለካ?»

«በሸክም ነዋ።»

«በማን ሸክም?»

«በኔ። በየቀኑ በማስረው። በአባትሽ ጠፍር፣ በአባትሽ ቋጠሮ ልክ።»

«ያለውስ? በማን ሸክም?»

«በአባትሽ» አለች ይዘንጋሽ፤ ድምፅዋ መቆጣት ጀምሯል። «ያው ጠፍር ነው። ያው ቋጠሮ ነው። አንድ ናቸው።»

«ጠፍሩ የት አለ?»

ጠፍሩ ጉረኖው በር ላይ ተሰቅሏል። እስከዳር አምጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። የጠቆረው እጥፋት፣ ይዘንጋሽ በየማለዳው የምትቋጥርበት፣ እንደ ወትሮው አለ። ከሱ ወዲህ ግን፣ ወደ ጠፍሩ መሐል ጠጋ ብሎ፣ ሌላ እጥፋት አለ። አዲስ ነው፤ ቆዳው ገና ነጣ ብሎ ተሰነጣጥቋል። ለጥቂት ቀናት ብቻ፣ ግን እየተደጋገመ የታሰረበት ቦታ ነው።

«ይሄኛውስ እማ?»

ይዘንጋሽ አላወቀችም። አጥብቃ አየችው፤ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ያኔ ከኋላቸው ኮቴ ሰማች። ጥሩሸዋ ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጣቸውን ቄጠማ በእጃቸው ይዘዋል፤ ግማሹ በራሳቸው ላይ ታስሯል። በቀዳም ሥዑር ቄጠማ ለጎረቤት ማካፈል የሰላም ምልክት ነው፤ ተጣልቶ ፋሲካን መዋል ደግሞ ነውር። ሊታረቁ ነበር የመጡት። ጠፍሩን በልጅቷ ጉልበት ላይ ሲያዩ ግን ቄጠማውን እንደ ያዙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«አገኛችሁት?» አሉ።

«ምኑን?» አለች ይዘንጋሽ።

«ማርያም ትፍታኝ። ከሌብነቱ ስድብ ይልቅ ይሄ ነው የከበደኝ።» አሮጊቷ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ጥቅምት ላይ፣ የመጀመሪያውን ሸክም እንዳነሣ፣ ከታችኛው መስክ ወዲህ ካለው ድንጋይ ዘንድ አገኘሁት። ሸክሙን ጥሎ ጎኑን ይዞ ተንበርክኳል። ያስመልሰዋል፤ ደም ነበረው። ‹አንተ ሰው፣ ሐኪም ቤት ሂድ› አልኩት። ‹ሣሩ ይግባ እንጂ እሄዳለሁ› አለኝ። ከዚያ ሸክሙን ፈትቶ ጠፍሩን ወዲህ አሳጥሮ አሰረው። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው እንደዚያ ነው ያመላለሰው። የሱ ሦስት ሸክም ከድሮው ሁለቱ አይበልጥም ነበር።»

«ለኔ ሰማንያ አራት ብሎኛል» አለች ይዘንጋሽ።

«ሰማንያ አራት ነዋ! ቁጥሩን አልዋሸሽም። ‹እትዬ ጥሩሸዋ፣ በእመቤቴ ማርያም ይዤዎታለሁ፣ ለይዘንጋሽ እንዳይነግሯት። እሷ የምትኖረው በቁጥር ነው። ቁጥሩ ከሞላ ልቧ ይሞላል› አለኝ። በማርያም ይዞኛል፤ ምን ልበል? ሞቶ ሲቀበር ዝም አልኩ። በውኃው ዳር ሌባ ስትይኝም ዝም አልኩ። ድርቆሹ ለምን እንዳነሰ ብነግርሽ መታመሙን መንገር ይሆናል።»

ይዘንጋሽ ጠፍሩን ከልጇ ጉልበት ላይ አነሣችው። ስድስት ሸክም ተሸክሞ ሲገባ እራት አቅርባለት «ምነው አልበላህም?» ስትለው «ሣሩ አቧራ አለው» ይላት የነበረው ትዝ አላት። ድንገተኛ ብላ ነበር ያለቀሰችው። አሁን ለካ ወር ሙሉ አጠገቧ ሲሞት እሷ ከሰል ይዛ ግድግዳ ትጭር ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሷ ግን እንባዋ እምቢ አለ። ከአፏ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ቁጠሪ» አለቻት ልጇን።

እስከዳር «ያለው» ከሚለው ሥር ሰማንያ አራትን ሰረዘች። ሦስቱ ለሁለት፣ ሰማንያ አራቱ ለሃምሳ ስድስት። ሃምሳ ስድስት ሲቀነስ ኤክስ ብላ ጻፈች። ቀኙን አልነካችውም፤ የሚያስፈልገው እንደነበረ ነው። ሁለቱን መስመሮች በገጹ ጀርባ ላይ አሰመረች፤ አንዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይወርዳል። እርሳሷ መስመሮቹ በተገናኙበት ላይ ቆመ።

«ስንት ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት ቀን ቀረን?»

«አይደለም እማ። ሃያ ሁለተኛው ቀን ነው። ወደ ግማሽ መዞር የነበረብን መጋቢት ሃያ ሁለት ነው።» ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «ዛሬ ሚያዝያ አሥራ አንድ ነው።»

መጋቢት ሃያ ሁለት። የፋሲካ ነጋዴዎች ደጇ ቆመው የነበሩበት ቀን ነው።

ይዘንጋሽ ስልኳን ይዛ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ሮጠች። ወልደ ሥላሴ ሦስተኛ ስትደውል አነሣ። ድምፁ አሁን ፈገግታ የለውም። «ወንዙ ደርቋል እትዬ። የጎረቤት ከብት ሁሉ እኔ ዘንድ ነው፤ የራሴን ወደ የት እንደማወርድ አላውቅም። ምነው ያኔ…» አለና ተወው። እሷም «ምነው ያኔ» የሚለውን ልትሰማው አልፈለገችምና ስልኩን ዘጋችው።

ስትመለስ እስከዳር ሌላ ሒሳብ ሠርታ ጨርሳለች፤ ወረቀቱን ግን ፊቷን አዙራ ነው የሰጠቻት። አሥራ አምስት ሸክም ቀርቷል። አርባ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። በግማሽ ቀለብ፣ አንዲት ዘለላ ሳይባክን፣ አሥራ ሁለት በጎች ሰኔ አንድን ያያሉ።

«ሃያ አንዱንም ብይዝስ?»

«ግንቦት አሥራ አንድ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ አንዷም አትተርፍም።»

ዘጠኝ መውጣት አለባቸው። መውጣት ካለባቸው ደግሞ ዛሬ ነው። ነገ ፋሲካ ነው፤ ከነገ በኋላ በግ የሚፈልግ ሰው የለም። ዛሬ አሁኑኑ ከተነሡ ከማምሻው በፊት መሐል ሜዳ ይደርሳሉ፤ በጉን ሳይገዛ የዘገየ ሰው ካለ እንዲያው በሰጣት ትሰጠዋለች። ጥሩሸዋ «አብሬሽ እነዳለሁ» አሉ። ይቅርታ አልተጠየቀም፤ ይቅርም አልተባለም፤ ጊዜ አልነበረም።

ከመነሣቷ በፊት ግን ይዘንጋሽ ጠፍሩን መሬት ላይ ዘረጋችው። ከክምሩ እያነሣች ድርቆሽ ጨመረችበት፤ በአዲሱ፣ በነጣው እጥፋት ላይ ቋጠረችው። አዘለችው። ተነሥታ ቆመች። ሸክሙ ጀርባዋ ላይ መኖሩ እንኳ እምብዛም አይታወቅም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ይሸከመዋል። ያ ጎማው በጭቃ የተዋጠ ከባድ መኪና በትከሻው ገፍቶ የሚያወጣ ሰው፣ ይህቺን አዝሎ ነው ድንጋዩ ዘንድ የተንበረከከው። ይህቺን እንኳ ሰማንያ አራት ጊዜ።

«አፈወርቅ» አለች ጮክ ብላ፤ «ምነው ብትነግረኝ? ባንተ ፋንታ እኔ አልሸከመውም ነበር?»

ሸክሙን አወረደችና ፈታችው። ድርቆሹን አንዲት ሳይቀር ወደ ክምሩ መለሰችው። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

ጉረኖው ውስጥ ሲገቡ ጥሩሸዋ ያመጡትን ቄጠማ ሰጧት፤ የሚወጡትን አንገታቸው ላይ እያሰረች እንድትለያቸው። መምረጥ ሐሳብ የሚሻ አይመስልም፤ እጅ ብቻ ነው የሚሠራው። ጥርሷ ያለቀውን። የመከነችውን። ግልገሏ የሞተባትን። ስድስቱ ቀላል ነበሩ። ሰባተኛዋን ስታስር አሰበች። ስምንተኛዋን አስራ ፈታች፤ መልሳ አሰረች። ዘጠነኛዋ አፈወርቅ የተቀበረ ዕለት የተወለደችው ዳለቻ ጠቦት ነበረች፤ ቁጥር የሌላት መስላ ከርማ ከትልልቆቹ እኩል መብላት ጀምራለች። እናቷን አስቀርታ እሷን አሰረቻት። ከዚያ በሩን ልትከፍት ዞረች።

መለስ ስትል በጎቹ ተጠጋግተዋል። ከመስከረም ወዲህ እርጥብ ነገር በአፋቸው አልገባም። አንዷ የሌላዪቱን አንገት፣ ሌላዪቱ የአንዷን አንገት እየላሰች ቄጠማውን በልተው ጨርሰውታል። ሃያ አንዱም እኩል ሆነው ቆመው ያዩዋታል።

«እማ…» አለች እስከዳር።

ይዘንጋሽ ዘጠኙን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ምልክት አያስፈልጋትም ነበር። ግን አንድ ጊዜ መምረጥ የቻለ እጇ ሁለተኛ ጊዜ እምቢ አላት። ቆመች። በደጅ በኩል ፀሐይዋ ወደ እኩለ ቀን እየሄደች ነው፤ መሐል ሜዳ ሩቅ ነው። ጥሩሸዋ ዱላቸውን ይዘው በበሩ ላይ ይጠብቃሉ።

በመጨረሻ እጇን ወደ አናቷ ሰደደች። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተቀብላ ያሰረችውን ቄጠማ ፈታች። ወደ ዳለቻይቱ ሄዳ በእጇ አበላቻት፤ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ ጆሮዋን ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻትና «አንድ» አለች።